ጳጉሜን የማያውቀው ላይብረሪ

ክረምት ላይ ደሴ ፒያሳ አጎቴ ሱቅ ቁጭ ብዬ የዱቤ ደብተሩን ኮምፒውተር ላይ እያስገባሁ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ኔትወርክ የለም። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ግን ላፕቶፔ ላይ ነበር። ከደብተሩ የገለበጥኩትን የሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ሠንጠረዥ) አነበብኩ፣ ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ ላይ አስቀመጥኩ፣ አንዲት ነገር ዳውንሎድ ሳላደርግ። ሁሉም ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ፣ ስታንዳርድ ላይብረሪ፣ ውስጥ አለ። ኤስኪውላይት እንኳን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብሮት ነው።

ስታንዳርድ ላይብረሪ ለእኔ ይሄ ነው፦ ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራ የማያስቆም።

ከዚያ አጎቴ «ጳጉሜ 3 የወሰደው ሰውዬስ የታል?» አለኝ። ያስገባሁት ውስጥ የለም። ዴትታይም የሚባለው የፓይተን የቀን ክፍል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፣ አስራ ሦስተኛ ወር ስትሰጡት አልቀበልም ይላል። ጃቫ የሚባለው ሌላ ቋንቋ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፣ የእኛን ግን አልያዘም። ብራውዘር ውስጥ ያለው የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ቀናችንን በእኛው አቆጣጠር ያሳያል፣ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ስታንዳርድ ላይብረሪ ውስጥ ሁሉም ነገር ይግባ አልልም፣ አንዴ የገባ ነገር ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል። ቀን ግን ቀን ነው፣ ሚሊዮኖች በየቀኑ የሚጽፉት።

«አብሽር» አለኝ አጎቴ። ቀን መቀየሪያውን ራሴ ጻፍኩት። ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ፣ የሰው ዕዳ ነዋ።