ሲሚንቶ የተለጠፈበት የኮሪያ ድንጋይ ግንብ

አዳማ ውስጥ የድንጋይ ግንብ ሲሰነጠቅ ቀድሞ የሚታሰበው ሲሚንቶ መለጠፍ ነው። ይህ ችኮላ ምን እንደሚያስከትል በኮሪያ ኢክሳን ከተማ ያለው የሚሩክሳ የቡድሂስት ገዳም ፓጎዳ፣ ማለትም ባለ ብዙ ፎቅ የድንጋይ ግንብ፣ በደንብ ያሳያል።

ገዳሙ ጠፍቷል፤ የቀረው ሜዳና መሠረት ነው። ግንቡ ግን በ639 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከግራናይት ተሠርቶ አለ። ድንጋዩ እንደ እንጨት ተጠርቧል፦ ዓምዶቹ ወደ ላይ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፣ የጣሪያው ማዕዘኖች ትንሽ ቀና ይላሉ፣ በአራቱም በኩል በር አለው። አናጢ ቢያየው ወዲያው ይገባዋል።

ከፊሉ ፈርሶ ሳለ በ1915 ጃፓኖች በኮንክሪት ደገፉት። ከመውደቅ አዳነው፣ ግን በሌላ በኩል ጎዳው። ጠንካራ ሲሚንቶ እርጥበት ያግታል፣ ጨው ወደ ድንጋዩ ያሰርጋል፣ ከዚያ የድንጋዩ ፊት ይላጣል።

ከ2001 ጀምሮ ግንቡን ከላይ ወደ ታች ፈቱት። 185 ቶን ያህል ኮንክሪት ተነሣ፤ ድንጋዩን እንዳያናውጥ በጥንቃቄ መፈልፈል ነበረበት። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥርና ሥዕል ካልተያዘለት ቦታው ይጠፋል። በ2009 በመካከለኛው ዓምድ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው የወርቅ ጽሑፍ ግንቡ የተሠራበትን ዓመት ነገረን።

ተመልሶ ተገጥሞ በ2019 የተገለጠው ግንብ 14.5 ሜትር ነው፤ ባለ ስድስት ፎቅ ብቻ። ዘጠኝ ነበር ቢባልም ከላይ ያለው ቅርጽ ስላልታወቀ አልገመቱም። ጎኑ ያለው ምሥራቃዊው ግንብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ ዘጠኝ ሆኖ በአዲስ ድንጋይ ተተክቷል፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ዓይን አይይዝም።