በክረምት ድንች ከመትከላችሁ በፊት የጎርፍ መውጫችሁን እዩ

የከተማ ግብርና ሥልጠና ገብታችሁ ከሆነ ስለ ኮምፖስት፣ ስለ መደብና ስለ ችግኝ አያያዝ ጠግባችሁ ነው የምትወጡት። ስለ ጃርት ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የከተማው ቤት አልቆ ቁጥቋጦው የሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ነሐሴ ላይ የሚመጣበትን ነገር ግንቦት ላይ ማወቅ አለበት። ለእኔ የነገረኝ ስላልነበረ ነው የምጽፈው።

የተለመደውን በአጭሩ ላሳልፈው። ግንቦት ላይ መሬቱን አስቆፍሬ የበሰበሰ ፍግ ቀላቀልኩበት። ሰኔ ሲገባ ድንቹን ተከልኩ፤ ጎመኑንና ቆስጣውን ከችግኝ አዛወርኩ፤ ቀይ ሥርና ካሮት ዘራሁ፤ ዳር ዳሩን ነጭ ሽንኩርት ሰካሁ። ማጠጣት የሚባል ጣጣ የለም፤ ሐምሌ ከገባ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል፣ እንዲያውም ያበዛዋል።

ሁለት ነገር ላይ ግን ከባለሙያዎቹ ጋር አልስማማም። ድንች በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሴንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ይላሉ። ለማሳ ልክ ይሆናል። የእኔ ጓሮ ውሃ የሚቋጥር መረሬ ነው፤ መስመሩን ሰፋ፣ አፈሩን ከፍ አድርጌ ካላለበስኩት ድንቹ ውሃ ላይ ነው የሚተኛው። ሁለተኛው ቲማቲም ነው። ሥልጠናው ላይ ለሁሉም የቲማቲም ችግኝ ታደለ። ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት! ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ጓሮ ውስጥ ይውላል። ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ድንችን የሚያጠቃው የቅጠል በሽታ ቲማቲሙንም አይምርም፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካያችሁ ብዙ አትጠብቁ። ቲማቲም ያማራችሁ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ግዙ። ለድንቹ ግን ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች ውስጥ ጉደኔን ወይም በለጠን ፈልጉ፤ ይህን በሽታ ከአገሬው ዘር በተሻለ ይችሉታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ የድንቹ አበባ ረግፎ ሥሩ መሙላት ሲጀምር፣ ጠዋት ስወጣ የታችኛው መደብ ተገለባብጦ ጠበቀኝ። ግንዱ ወደ ጎን ተጥሏል፣ ጉድጓዱ ክፍት ነው፣ ድንቹ የለም። ግማሹ ተበልቶ የቀረ አንድ ፍሬ አንስቼ አጠብኩት። ሁለት ሁለት ሆኖ የተሰለፈ ሰፊ የጥርስ ቦይ አለበት፤ አይጥ የዚያን ያህል አፍ የላትም።

እንስሳውን ሳታውቁ ወደ ምንም እርምጃ አትግቡ። ፍልፈል ከሆነ የሚመጣው ከሥር ነው። ተክሉ ቆሞ ይውልና በድንገት ይጠወልጋል፤ ስትነቅሉት ከታች ባዶ ነው፤ አቅራቢያው አዲስ የተገፋ የአፈር ጉብታ ታያላችሁ። ጦጣ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው የምትመጣው፤ ነቅላ፣ ነክሳ፣ ጥላ ትሄዳለች። ጃርት በሌሊት ከላይ ወደ ታች ይቆፍራል። ከተጠራጠራችሁ መግቢያው ላይ እሾኹን ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት በአጥሬ ሥር ባለው የጎርፍ መውጫ አፍ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ነው፦ ከመዳፌ የሚረዝም፣ ጥቁርና ነጭ የሚፈራረቅበት፣ ጫፉ ጣት የሚወጋ።

ሕግ አክባሪ ነኝና ለሚመለከተው የግብርና ቢሮ አመለከትኩ። ባለሙያው መምጣቱንስ መጣ፤ ትሑት ልጅ ነው፣ በዚህ አልወቅሰውም። ቅጽ አወጣና «የተባይ ዓይነት» የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ቅጹ ላይ ተምች አለ፣ አንበጣ አለ፣ ግሪሳ አለ፣ አይጥ አለ።

«ጃርት የለበትም፣ እናቴ። አይጥ ብዬ ልሙላው?»

በሳይንሱ ከሄድን ልጁ አልተሳሳተም፤ ጃርት ከአይጥ ወገን ነው፤ እንዲያውም አፍሪካ ውስጥ ከዚህ ወገን በግዙፍነት የሚያክለው የለም፣ 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ችግሩ ቅጹ ላይ አይጥ ተብሎ ከተጻፈ መድኃኒቱም የአይጥ መሆኑ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ ታዘዘልኝ። ግራጫማ ዱቄት ነው፣ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ሆድ ውስጥ ገብቶ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይሆናል። የጎረቤት ልጆች ኳስ ፍለጋ በሚዘሉበት፣ ድመትና ዶሮ በሚመላለስበት ጓሮ ይህን በቆሎ ላይ ለውሼ ልበትን ነው? በዚያ ላይ እርጥበት ያበላሸዋል፤ በነሐሴ ዝናብ ሜዳ ላይ የተበተነ መርዝ ምን ሊሠራ? አልፈልግም አልኩ።

«እንግዲያው የሚገባበትን ይድፈኑት» አለና በብዕሩ የጎርፍ መውጫዬን አመለከተኝ።

«ውሃውስ?»

«ለጊዜው እኮ ነው።»

ቅጹ ላይ «ሙያዊ ምክር ተሰጥቷል» ብሎ አስፈረመኝና ሄደ። ለዚያ ፊርማ እስከ ዛሬ እጄን ይበላኛል። መውጫው በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ። ብዙም አልቆየ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከጦሳ የሚመጣው ጎርፍ ባለበት አይቀርም፤ መሄጃ ሲያጣ ጓሮዬ ላይ ተኛ። የታችኞቹ መደቦች ውሃ ውስጥ አደሩ፣ ዋሉ። ውሃው ሲሸሽ ድንቹን ስቆፍረው እጄ ላይ ፈረሰ፤ ሽታውን ልነግራችሁ አልችልም። ጃርቱ ክረምቱን ሙሉ ቢመላለስ የማይጨርሰውን ውሃው ጨረሰው። ጃርቱስ? ከድንጋዩ ጎን ለስላሳውን አፈር ቆፍሮ ገብቶ፣ ደረቅ ላይ የቀረውን በልቶ ወጥቷል። ለእሱማ ሥራ አቀለልንለት።

ወጥመድ አስቀምጦ ወደ ጫካ የሚወስድልኝ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ደግሞ የዱር እንስሳት ጉዳይ ይመለከተዋል ወደተባለ ሌላ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ወንበር እንኳ ሳያሳየኝ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ጠቀሰልኝ፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይገደልም፣ አይያዝም። እኔ መቼ ልግደለው አልኩ? አዋጁ ደግ አዋጅ ነው፣ አልጣላውም። የጠየቅኩት እናንተ ያዙልኝ ነው። መልሱ፦ ከቀበሌ ደብዳቤ፣ የጉዳቱ ፎቶ፣ ሁለት ምስክር። እንስሳው የሚመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ማንን ቀስቅሼ ምስክር ላቁም? ደብዳቤ ፍለጋ ወደ መጀመሪያው ቢሮ ስመለስ ባለሙያው መስክ ነው፤ በማግስቱ ስብሰባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ዓመት ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጉዳቱን የሚያይ ኮሚቴ የመጣው ድንቹ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ባዶውን መደብ ፎቶ አንስተው ሄዱ።

የረዳኝ ከአጥሬ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ቡና ላይ ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁና «አብሽሪ ልጄ፤ ጃርት መንገዱን አይተውም። መንገዱን አትዝጊበት፣ አጥብቢበት» አሉኝ። ውሃ ይለፍ፣ ጃርት አይለፍ ማለታቸው ነው። ይህን ለማለት ቅጽ አላስፈለጋቸውም።

በየዳቦ ቤቱ፣ በየቡናው የሚሰጣችሁን ሌላ ምክር ግን እየመረጣችሁ ስሙ። ውሻ ልቀቂበት ያሉኝ አሉ። ጃርት እሾኹን እንደ ጦር ይወረውራል የሚባለው ውሸት ነው፤ የሚያደርገው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ መንደርደር ነው፤ እሾኹ በቀላሉ ስለሚነቀል የነካው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። የአንዱ ጎረቤቴ ውሻ አፍንጫው ላይ ሰክቶ መጥቶ በጉጠት ሲነቀልለት ሠፈሩን አናወጠው። ማታ ባትሪ ይዘሽ ጠብቂ ያሉኝም ነበሩ። ደሴን የማያውቅ ሰው ምክር ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውጭው የጅብ ነው።

እኔ የሠራሁት ይህን ነው። ከ12 ሚሊ ፌሮ ፍርግርግ አስበየድኩ። ብየዳ ቤቱ ልጅ «እስር ቤት ልትከፍቺ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ብረቶቹ ቁመታቸውን ይቁሙ፤ አግድም ከሆኑ ቅጠልና ገለባ ይሰበስባሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአራት ጣት አይብለጥ። የብረቶቹ እግር ግማሽ ሜትር ወደ መሬት ይግባ፤ ግራና ቀኙ በድንጋይና በሲሚንቶ ይታሰር፣ ምክንያቱም ጃርት ብረት አይበላም፣ ከጎኑ ነው የሚቆፍረው። ከመውጫው ወዲህና ወዲያ ባለው አጥር ሥር አሮጌ ቆርቆሮ ቀበርኩ፣ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ አጥፌ። ቁፋሮው አድካሚ ነው፤ ለጉልበት ሠራተኛ መክፈሌ አልቆጨኝም። በሚቀጥለው ክረምት በመውጫው አፍ ላይ የተጫረ አፈር አየሁ፤ ውስጥ ግን የገባ የለም።

አጥንት ጓሮ አትጣሉ። ጃርት ለማዕድኑም ለጥርሱም ብሎ አጥንት ይግጣል፤ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ የምትጥሉት የበግ አጥንት ለእሱ ግብዣ ነው። ድንችና ካሮት ወደ ቤት ጠጋ ብሎ ይተከል፤ ዳሩን ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት ተዉት፤ ነጭ ሽንኩርቴን ነክቶብኝ አያውቅም።

ቅጠሉ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ልቀሙ የሚለውንም ለዘርና ለማከማቻ ብቻ ተቀበሉት። ለወጥ የሚሆነውን ከነሐሴ አጋማሽ ጀምራችሁ ከዳር ከዳር እየቆፈራችሁ ብሉ። ልጡ ስስ ነው፣ ጎተራ አይገባም፤ ግን እናንተ ያልበላችሁትን የሚበላው ሌላ ነው።

ፍርግርጉን በማጠፊያ አሠሩት፣ የሚከፈት ይሁን፤ ከውጭ በኩል ቁልፍ ይኑረው። ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ሳይመሽ፣ የተሰገሰገውን ቅጠል ጠርጋችሁ መልሳችሁ ዝጉት።