እማዬና ቄጠማዋ

ደሴ ክረምት ሲገባ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከእማዬ መኝታ እስከ ጓሮው ሽንት ቤት ያለው መንገድ ነው። ሲሚንቶው እርጥብ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን የሞላ፣ መብራቱም ደስ ሲለው የሚሄድ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ገደማ ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል፤ ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

ለሌሊቱ ፖፖ ገዛሁላት። «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብላ አኮረፈችኝ። አሁን ከአልጋዋ ሥር አለ፤ አይወራም እንጂ።

የደም ግፊት ኪኒን ስለምትወስድ ድንገት ስትነሳ ያዞራታል። ስለዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ ብላ፣ እግሯን አወዛውዛ ነው የምትነሳው። ነጠላ ጫማዋንም ተረከዝ በሚይዝ ሸራ ቀየርንላት።

የቡናው ቄጠማ ግን ጭቅጭቅ ነው። እርጥብ ቄጠማ ሊሾ ላይ ያንሸራትታል፤ ያለ ቄጠማ ደግሞ ቡናው ቡና አይሆንላትም። ረከቦቱ ሥር ብቻ፣ እሷ በማትረግጥበት በኩል እንዲጎዘጎዝ ተስማማን።

በከሰል ግን ድርድር የለም። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ሽታ ስለሌለው አይታወቅም። ማንደጃው በረንዳ ላይ ያድራል፤ ለብርዱ ጋቢ ይደረባል።