መሳቢያውን የያዘብኝ ጭልፋ

የጉዞው የመጀመሪያ ቀን አስፋልት ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም። በሁለተኛው ቀን ኮረኮንቹ ጀመረ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ረጅም ዳገት። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የማድርበትን ቫኔን አቁሜ የኋላውን በር ስከፍት ከአልጋዬ ሥር ያለው የግራው መሳቢያ አራት ጣት ያህል ወጥቶ ቀጥ ብሏል። ብገፋው አይገባም፤ ብስበው አይወጣም። በባትሪ አጮልቄ ሳይ ጭልፋው ነው። በኮረኮንቹ ሲዘል ውሎ ተነስቶ ቆሟል፤ እጀታውን ከአልጋው አግዳሚ እንጨት ጋር ደግኖ፣ አላስገባም እንዳለ ዘበኛ።

ብርድ ልብሴ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

መሳቢያዎቹን የሠራኋቸው ራሴ ነኝ። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ኮላ፣ ብሎን፣ በየጎኑ በኩሽኔታ የሚንሸራተት የብረት ሐዲድ። ሐዲዱ በአንድ ጎን 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ ሳጥኑን ከክፍተቱ 26 ሚሊ ሜትር አሳንሼ ቆርጫለሁ። በአንድ ጣት ወለል ይል ነበር፤ ሰው በመጣ ቁጥር እየከፈትኩ አሳይ ነበር። ቤት ውስጥ መሳቢያ እምቢ ሲለኝ በቡጢ አንዴ እለውና ይከፈታል። ይኼን እስከ እኩለ ሌሊት ደበደብኩት። ከዚያ በጃኬት ተጠቅልዬ፣ እግሬን ባዶ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ድብደባውን ስቀጥል ከጎኔ በራሳቸው ቫን ያደሩ ጠና ያሉ ሴትዮ መጡ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ? የአልጋውን ጣውላ ከላይ አታነሳውም?»

«በኮላ አጣብቄዋለሁ፣ እናቴ።»

ዝም ብለው አዩኝ። የመጋዝ ምላጭ አምጥተው በጨርቅ ጠቀለሉና በክፍተቱ አስገብተው ጭልፋውን ጎኑን ነካ ቢያደርጉት ወደቀ። መሳቢያው እንደ ወትሮው በጣቴ ወለል አለ።

«እንዲህ በቀላሉ ነው የሚከፈተው?» አሉ። ያደነቁኝ መስሎኝ ነበር።

የእሳቸውን መሳቢያ አሳዩኝ። ሐዲድ የሚባል ነገር የለውም፤ እንጨት በእንጨት ላይ፣ ሻማ ተቀብቶ። ከፊቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የምታህል ደፍ አለች፤ መሳቢያው ሲዘጋ ከደፏ ጀርባ ጠብ ይላል፣ ለማውጣት ትንሽ ከፍ አድርጎ መሳብ ግድ ነው። ዕቃው እንዳይዘል ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል። ሲሳብ ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል፤ መልኩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስጠላል።

«ይጩህ» አሉ። «ዳገት ላይ አፉን አይከፍትም።»

የእኔን ሐዲድ መንቀል አላስፈለገም። በእጅ መሰርሰሪያ የክፈፉን ቋሚና የመሳቢያውን ጎን አንድ ላይ በስተው ረዘም ያለ ብሎን ሰኩበት፤ እንዳይጠፋ በሲባጎ አንጠለጠሉት። መሳቢያዎቹን የያዘው የአልጋው ክፈፍ በሙሉ ከምን ጋር እንደታሰረም ጠየቁኝ። ከወለሉ እንጨት ጋር ብቻ ነው ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ከመኪናው ብረት ጋር ካልታሰረ ፍሬን ስይዝ ያ ሁሉ ክብደት ጀርባዬ ላይ እንደሚመጣ ነገሩኝ። አብረን በጠፍር አሰርነው። ገንዘብ ባወጣ ተቆጡኝ፤ የተረፈኝን ብሎን ግን ሳያንገራግሩ ወሰዱ።

በቀሩት ሁለት ቀናት ያንኑ ኮረኮንች ተመለስኩበት፤ መሳቢያው ንቅንቅ አላለም። ጭልፋው ከጎኔ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮ መጣ።