የሁለት ጎረቤት ካዝና በአንድ ኤክሴል ሺት

አጎቴ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳሉ። ዓምና ከናይሮቢ በተመለሱ ሰሞን ቡና እየጠጣን ድንገት ጠየቁኝ። «እዚያ ሰዉ ፎሬክስ ቢሮ ገብቶ ዶላሩን ገዝቶ ይወጣል። እኔ እዚህ ለኤልሲ ስንት ወር ነው የተሰለፍኩት? አንተ አካውንታንት ነህ አይደል፣ እስቲ ንገረኝ፤ እነሱ ስንት ዶላር አላቸው? እኛስ?»

ኤልሲ የሚሉት አስመጪ ዕቃ ሲያዝ ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና ነው። ጥያቄያቸው ቀላል መሰለኝ። የሁለቱን አገር የውጭ ምንዛሪ ክምችት ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ግራፍ ሠርቼ ማታውኑ ልልክላቸው አሰብኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የኬንያው አላስቸገረኝም። ማዕከላዊ ባንካቸው በየሳምንቱ ቁጥር ያወጣል። ስንት ዶላር እንዳለ ብቻ ሳይሆን የስንት ወር ገቢ ዕቃ እንደሚሸፍንም አብሮ ይጽፋል፤ ቢያንስ የአራት ወር እንዲይዝ ሕጉ ይጠብቅበታልና። የእኛን ያገኘሁት ግን ባብዛኛው በበጀት ዓመት ተጠቅሎ ነው። የተሸወድኩትም እዚህ ላይ ነው።

«2024» የሚል ዓምድ ከፈትኩ። ለኬንያ የዲሴምበር መጨረሻውን ቁጥር አስገባሁ። ለእኛ የበጀት ዓመቱን መዝጊያ፣ ሰኔ 30 ቀን 2016ን። ግራፉ ላይ ኬንያ ሽቅብ ትወጣለች፣ እኛ መሬት ላይ ተኝተናል። ልልከው ስል ቀኑን አየሁት። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የእኔ ቁጥር የተቆረጠው ከዚያ 22 ቀን በፊት! አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጽድቆ 1 ቢሊዮን ገደማውን ወዲያው የለቀቀው በዚያው ዕለት ነው። የዓለም ባንክም በማግስቱ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ። ይሄ ሁሉ እኔ ግራፍ ውስጥ የለም። ሁለት ካላንደር ይዤ አድጌ በዚህ መሸወዴ አበሸቀኝ። ሁሉንም አጥፍቼ በሩብ ዓመት፣ በፈረንጅ ቀን ብቻ እንደገና ሞላሁት።

ከዚያ በመቶኛ ልሠራው ሞከርኩና ቶሎ ተውኩት። 1 ቢሊዮን ያለው ሰው አንድ ቢያገኝ መቶ በመቶ አደገ። ኬንያ በ2024 መጀመሪያ ወደ 7 ቢሊዮን ነበራት፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከ9 በላይ ሆነ፤ በመቶኛ ግን 30 ገደማ ብቻ ነው። በዶላር ስንት ጨመረ፣ ስንት ቀነሰ የሚለው ይሻላል።

ያም ሆኖ የማይታይ ነገር አለ። ሁለቱም አገሮች የመጀመሪያ ዩሮ ቦንዳቸውን (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሚበደሩበትን ሰነድ) የሸጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የኬንያው 2 ቢሊዮን ዶላር የሚከፈለው ሰኔ 2024 ላይ ነበር። ይከፍላሉ ወይ ተብሎ ተፈራና አንድ ዶላር 160 ሽልንግ ገደማ ገባ። የካቲት ላይ ከ10 በመቶ በላይ በሚያስከፍል ወለድ አዲስ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጡና አሮጌውን ከየባለቤቶቹ መግዛት ጀመሩ። ሽልንጉ ወደ 130 ገደማ ተመለሰ። እንግዲህ በአንድ በር የገባው ብድር ባብዛኛው በሌላው ወጥቷል። ክምችቱ ላይ ያን ያህል ምልክት የለም፤ የተለወጠው ፍርሃቱ ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማየት ነው አለ። ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን እኮ በቢሊዮን በሚሠራ ግራፍ ላይ በዓይን እንኳ አይታይም። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ «ከየት መጣ?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ብድሩን በቀይ፣ ከቡናና ከወርቅ፣ ከሻይና ከአበባ፣ ከሐዋላ የተገኘውን በአረንጓዴ ቀባሁት። ከሁሉም በላይ የረዳኝ እሱ ነው።

ሺቱን አትሜ መርካቶ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። «የስንት ወር ገቢ ዕቃ ይሸፍናል» የሚለው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። ከሐምሌው ውሳኔ በፊት የእኛ አንድ ወር እንኳ አይሞላም ነበር።

«ይሄ ውስጥ የእኔ ወረፋ የት አለ?»

ዝም አልኩ። ስሌቱ ክምችቱን የሚያካፍለው ለገባው ዕቃ ነው። ያልገባው አይቆጠርም። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው ሲታገድ፣ አካፋዩ አነሰ እንጂ ፍላጎቱ አልጠፋም። በጥቁር ገበያ ዶላር ተገዝቶ በየሻንጣው የገባውም እዚያ ውስጥ የለም። ናይሮቢ ውስጥ ዶላር የፈለገ ሰው ዋጋውን እያማረረም ቢሆን ይገዛል፣ ዕቃውም ገብቶ ይቆጠራል። እኛ ጋ ተሰላፊው ከቁጥሩ ውጭ ነው። እኔ አንድ ወር ከአራት ወር ጋር ሳወዳድር የከረምኩት በተለያየ ሜትር ለክቼ ነው። የእኛ አካፋይ ተጨምቆ የቀረው ነውና እውነተኛው ሽፋን ከዚያም ያንሳል።

ይሄን ሳስረዳቸው አንድ የደበዘዘ ክላሴር ከመሳቢያ አወጡ። ጊዜያቸው ያለፈ ሦስት ፕሮፎርማዎች፣ ሻጩ የላካቸው የዋጋ ማቅረቢያዎች። ዕቃው ያው ነው፣ ዋጋው በየተራው ጨምሯል።

«እነዚህንም አስገባቸው» አሉኝ።

ላፕቶፑን ከፍቼ አዲስ ሺት ላይ የመጀመሪያውን ቀንና የዶላሩን መጠን መጻፍ ጀመርኩ።