የቅሬው ድስት በበሩ አልገባም

ነገሩ የሆነው ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ። ነዋሪው ብር አዋጥቶ፣ ቦታ አስፈቅዶ፣ ለሁሉም ነገር የሚሆን የሰፈር ማዕከል ንደፉልን ብሎ እኔ ወደምሠራበት ቢሮ መጣ። ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። በጣም ደስ አለኝ።

"ለሁሉም ነገር" ሲሉ ከምራቸው ነበር። ተማሪዎች ያጠኑበታል፣ ሴቶቹ እቁብ ይጥሉበታል፣ ክትባት ሲመጣ የጤና ሠራተኞች ይቀመጡበታል፣ ሰርግ ሲኖር ይደገስበታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅሬው ይሰበሰብበታል። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እዚያ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው። ብሩ ግን የሚበቃው ለአንድ አዳራሽ ብቻ ነበር።

ያኔ ልቤ ውስጥ የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት፣ ስሙም ሰውን ሁሉ ሳይጠየፍ ስለሚያስገባ የወጣለት፣ እዚሁ ደሴ ያለው ትልቁ አዳራሽ። ሁሉን የሚይዝ አንድ ሰፊ ክፍል። እኔም 12 በ8 ሜትር አዳራሽ ነደፍኩና መሀሉ ላይ ታጣፊ ግድግዳ ጨመርኩ። ሲፈልጉ ይዘጉታል፣ ሁለት ክፍል ይሆናል፤ ሲፈልጉ ይከፍቱታል። ለዕቃ ማስቀመጫ ጥግ ላይ 4 ካሬ ሜትር ሰጠሁ፣ በሩ 70 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ መስጠት ቦታ ማባከን መሰለኝ።

ሕንፃው አለቀ፣ ተመረቀ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ሚያዝያ ውስጥ በበልጉ ዝናብ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። ግድግዳው አልከፈት ብሏል፣ ቶሎ ና።

ስደርስ ውጭው በሰው ተሞልቷል። ሌሊት አንዲት የሰፈሩ እናት አርፈዋል፤ ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው። ድንኳኑ ለቀስተኛው ቤት መተከል አለበት፣ አግዳሚውም ድስቱም መሄድ አለበት። ሁሉም ያለው ስቶሩ ውስጥ ነው። ከስቶሩ በር ፊት ደግሞ የተማሪዎቹ ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ ተደርድሯል፤ ምክንያቱም ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ የለም። ስምንተኛ ክፍሎች ማጠናከሪያ ላይ ነበሩ። ዴስኩን ወዲያ ማዶ ለማሻገር ግድግዳው መታጠፍ ነበረበት፤ የግድግዳው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ግን በጉሙና በእርጥበቱ አብጦ ወለሉን ነክሷል። ልጆቹ ዴስካቸውን ተሸክመው ዝናብ ላይ ወጡ።

ከዚያ ድስቱ መጣ። ትልቁ የቅሬ ድስት፣ ሁለት ሰው በጆሮው የሚይዘው። በበሩ አያልፍም። ወደ ጎን አዘነበሉት፣ አሽከረከሩት፣ እንደገና መለሱት፤ በመጨረሻ ወጣ። መቃኑ ላይ ጆሮዎቹ የፋቁት ሁለት ቅስት መስመር ቀረ። እኔ የማየው እሱን ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ከእነሱ ሥር አንድ ሌላ የቆየ ጭረት ነበረ። ሲያስገቡትም እንዲሁ ተቸግረው ነበር ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የቅሬው ዳኛ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጋቢያቸው ረጥቧል።

"ሐጂ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኳቸው።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ። "ለሰዉ ቦታ ሰጠኸው፤ ለዕቃው ግን ነፈግከው። እኛ ያለ ዕቃችን ምን እንሠራለን?"

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ሜትሬን ይዤ ዕቃውን አንድ በአንድ ለካሁ። የድንኳኑ ብረት፣ አግዳሚዎቹ፣ ዴስኮቹ፣ ሰሃኑ። ድስቱ ከጆሮ እስከ ጆሮ 92 ሳንቲ ሜትር። 100 የፕላስቲክ ወንበር በአሥር አሥር ሲደረደር ብቻውን 4 ካሬ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። የድስቱና የሰሃኑ ዕቃ ደግሞ ሁለት ወገን ነው፣ የእስላምና የክርስቲያን፤ ሥጋው ለየብቻ ስለሚሠራ አይቀላቀልም። እኔ ግን አንድ መደርደሪያ ነበር የሠራሁት። ሴቶቹ አንዱን ወገን በቀይ ጨርቅ አስረው ይለዩት ነበር።

ስለ አይጠየፍም ያሰብኩት ጎደሎ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። ግብር የሚበላበት ግቢ አዳራሹ ብቻውን አይቆምም፤ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት አለው። አዳራሹ ባዶ መሆን የሚችለው ዕቃው ሌላ ቤት ስላለው ነው።

ማስተካከያውን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ከአዳራሹ በረጅሙ ግድግዳ በኩል 1.5 ሜትር ቆርጬ፣ ዳር እስከ ዳር 18 ካሬ ሜትር ስቶር ላድርገው አልኩ። በሮቹ ባለ ሁለት ተካፋች፣ 1.80 ሜትር ስፋት፤ አንዱ ወደ አዳራሹ፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ግቢው፣ ለቅሶ ሲመጣ ክፍል ሳይረበሽ ድንኳኑ እንዲወጣ። ተቆጡ። ለአንድ ሰው 0.8 ካሬ ሜትር ብለን ስናሰላ አዳራሹ 120 ሰው ይይዝ ነበር፤ አሁን ወደ 97 ይወርዳል። "ሃያ ሦስት ሰው ውጭ ልታሳድርብን ነው" አለኝ አንዱ። አዳራሹ ውስጥ ወስጄ በየጥጉ የተቆለለውን ዕቃ አሳየኋቸው። 120 ሰው አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም ነበር፤ የሰው ቦታ ላይ ዴስክ ተኝቶበታል። ያኔ እሺ አሉ።

ታጣፊውን ግድግዳም ፈታነው። ቢያብጥም ባያብጥም ሌላ ችግር ነበረበት። እስከ ኮርኒሱ ብቻ ስለደረሰ ድምፁ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍት ያልፋል፤ መምህሩ የእቁቡን ሒሳብ ሴቶቹ ደግሞ አልጀብራውን ይሰማሉ። ከሐዲዱ በላይ እስከ ቆርቆሮው በጂፕሰም ዘጋነው፤ ተጣጣፊዎቹን በአሉሚኒየም ቀየርናቸውና ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገን ሰቀልናቸው።

ባለፈው ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ሥራ ደረሰኝ። ወረቀት ሳላወጣ፣ ዕቃችሁን ሁሉ ሜዳ ላይ አውጡልኝ አልኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ስጨርስ አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ "ቡና የምናፈላበትስ፣ ልጄ?" አሉኝ። ረከቦቱን አስመጣሁ። ከነጀበናው፣ ከነማንደጃው ለካሁት፤ ጭሱ በየት እንደሚወጣም ጠየቅኳቸው።