ትንሿ ጣትስ?

«ብርድ መታኝ» በቤታችን የብዙ ሕመም መጠሪያ ስለሆነ፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጇ እየደነዘዘ ከእንቅልፏ ሲቀሰቅሳት ቅባት እንጂ ሐኪም የመከራት አልነበረም። ወደ ነርቭ ሐኪም ስንሄድ ግን ምርመራው የተጀመረው በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ነው።

«እማማ፣ ሲደነዝዝዎት እጅዎን ምን ያደርጉታል?»

እናቴ ቃል ሳትመልስ፣ የታጠበ እጁን ውኃ እንደሚያራግፍ ሰው እጇን ደጋግማ አራገፈች። ለካስ ይህ እንቅስቃሴ ራሱ ለሐኪም በእጅ አንጓ ላይ የተጨነቀ ነርቭ ምልክት ነው። የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ሲጠይቃት «ሁሉም» አለች። «ትንሿስ?» ሲላት ጥቂት አሰበችና «እሷስ ደኅና ናት» አለች።

በእጅ አንጓ ውስጥ በትንንሽ አጥንቶችና በጠንካራ ማሰሪያ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ካርፓል ተነል የሚባለው ይኸው ነው። ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ በዚያ ተጣበው ያልፋሉ፤ ነርቩ እዚያ ሲጨነቅ የሚደርስባቸው ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ሐኪሙ የጠረጠረው ሕመምም ይኸው ነው። ነርቩ የአውራ ጣትን፣ የሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ የሚያዳርስ ሲሆን፣ ትንሿ ጣት ግን የሌላ ነርቭ ድርሻ ናት። እሷም የምትደነዝዝ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ክርኗን፣ ሕመሙ ከአንገት የሚወርድ ቢሆን ደግሞ አከርካሪዋን ይጠረጥር ነበር።

ከዚያ የሁለቱን እጆቿን ጀርባ አጋጥማ፣ አንጓዋን አጥፋ እስከ 1 ደቂቃ እንድትቆይ አደረጋት፤ ደቂቃው ሳይሞላ መውረር ጀመራት። አንጓዋንም በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ በዚህኛው ግን ምንም አልተሰማትም። እነዚህ ሙከራዎች ለየብቻቸው አያስተማምኑም፤ ለእኔ ከሁለቱም ይልቅ ያ የእጅ ማራገፍ የበለጠ ተናግሯል። በአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋም በጥንቃቄ ዳሰሰው፤ እሱ ከሟሸሸ ነርቩ ለረጅም ጊዜ ተጨንቋል ማለት ነው። የእናቴ አልሟሸሸም።

በመጨረሻ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ታዘዘ። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ተልኮ፣ መልእክቱ አንጓን ለማለፍ የሚወስደው ጊዜ ይለካል። በክንዷ ላይ በደንብ የተጓዘው መልእክት አንጓዋ ላይ ሲደርስ ዘገየ። ገና በጅማሬው ያለ ሕመም በዚህ ምርመራ ላይታይ ስለሚችል፣ ውጤቱ «ደኅና» የተባለ ሰው ምልክቱ ካልተወው ተመልሶ መታየት አለበት።

ስኳርና የእንቅርት ዕጢ መድከም ለዚህ ሕመም ስለሚያጋልጡ ሐኪሙ የደም ምርመራም ጨመረና፣ እስከዚያው አንጓዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሌሊት ሌሊት እንድታስር አዘዘላት።